በ10 ፓውንድ የተገዛው የካህን ቤት

በ1896 በደቡብ እንግሊዝ፣ በሱሴክስ፣ አልፍሪስተን በምትባል መንደር አንድ አሮጌ ቤት በ10 ፓውንድ ተሸጠ። ሻጯ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ገዢው ደግሞ ከተመሠረተ ገና አንድ ዓመት የሆነው፣ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ያልሰማው ናሽናል ትረስት የሚባል ማኅበር ነበር። ዛሬ ይህ ማኅበር ከአምስት ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። የመኳንንት ቤተ መንግሥቶችን፣ የባሕር ዳርቻዎችንና ተራሮችን ያስተዳድራል። ገንዘብ ከፍሎ የገዛው የመጀመሪያ ሕንፃ ግን ያ የሣር ክዳን ቤት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ መልካም ዕድል ታሪክ ነው። ማንም ያልፈለገው ቤት በርካሽ ተገዛ፣ ከዚያ ቅርስ ሆነ፣ አለቀ። እንዲህ ሲነገር ደስ ይላል፤ ግን ዋናው ነገር ይቀራል። 10 ፓውንዱ ከታሪኩ ሁሉ ትንሹ ክፍል ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ባለቤቱ ራሱ በሕጋዊ መንገድ “ይፍረስ” ያለውን ቤት ማን፣ በምን ምክንያት፣ በማን ኪስ ያቆየዋል? በየትኛውም ዓለም፣ በየትኛውም ከተማ አሮጌ ቤት ሊፈርስ ሲል የሚነሳው ክርክር ይኸው ነው። አልፍሪስተን ላይ ክርክሩ በግልጽ ይታያል፤ ምክንያቱም ቤቱ ትንሽ ነው፣ ባለ ግርማ አይደለም፣ ንጉሥ አልተወለደበትም፣ ጦርነት አልተካሄደበትም።

መጀመሪያ ቤቱ ራሱ ምን እንደሚመስል እንይ።

የካህናት ቤቱ የሚገኘው ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅዱስ እንድርያስ ደብር አጠገብ፣ በሣር መስኩ ዳር ነው። ከአትክልቱ ወዲያ ካክሚር የተባለው ወንዝ ያልፋል። ቤተ ክርስቲያኑም ቤቱም የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ልዩነታቸው በዕቃው ነው። ለእግዚአብሔር ቤት ድንጋይ ቀረበለት፤ ለአገልጋዩ ቤት እንጨት፣ ጭቃና ገለባ ተሰጠው። አምስት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ይህ ልዩነት ዋጋ አስከፈለ። የድንጋዩን ቤት አፍርሱት ያለ አልነበረም። የጭቃውን ቤት ግን ለማፍረስ ፈቃድ ተገኘ።

የሕንፃ ታሪክ አጥኚዎች የዚህን ዓይነት ቤት “ዊልደን” ይሉታል። ስሙ የመጣው በኬንት፣ በሱሴክስና በአካባቢው ከሚዘረጋው ዊልድ ከተባለ ደናማ ምድር ነው። ቤቱ በሦስት ይከፈላል። መሐሉ ከመሬት እስከ ጣሪያ ክፍት የሆነ አዳራሽ ነው። በግራና በቀኝ ያሉት ጫፎች ግን ባለ ፎቅ ናቸው፤ የላይኛው ፎቅ ከታችኛው ግድግዳ አልፎ ወደ ፊት ይወጣል። ሦስቱንም አንድ ረጅም ጣሪያ ስለሚሸፍናቸው መሐሉ አዳራሽ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሆኖ ይታያል። ከመንገድ ያየ ሰው የዊልደን ቤትን የሚለየው በዚህ ነው።

ይህ አከፋፈል ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም፤ የኑሮ ሥርዓት ነው። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነበር። በአንዱ ጫፍ ዳቦና መጠጥ የሚቀመጥበት ጓዳ ይሆናል። በሌላው ጫፍ የባለቤቱ እልፍኝ፣ ከላዩም መኝታው ይሆናል። በመሐሉ አዳራሽ ሁሉም ይበላል፣ ይሠራል፣ እንግዳ ይቀበላል። የአዳራሹ አንዱ በኩል ለሥራ፣ ሌላው በኩል ለክብር ነው። ጌታው የሚቀመጠው ከጓዳው ርቆ፣ ወደ እልፍኙ ተጠግቶ ነው። ቤት ውስጥ የገባ ሰው ማን የት እንደሚቀመጥ ሳይነገረው ያውቀዋል።

እሳቱ የሚነደው በአዳራሹ ወለል ላይ ነበር። የጭስ ማውጫ አልነበረም። ጭሱ ወደ ከፍተኛው ጣሪያ ይወጣል፣ እዚያ ይብላላል፣ ቀስ እያለ በክዳኑና በተገኘው ቀዳዳ ይወጣል። ለዚህ ነው አዳራሹ ፎቅ ሳይሠራለት ክፍት የተተወው፤ ሰው ከታች እንዲተነፍስ ጭሱ ከላይ ቦታ ያስፈልገው ነበር። መስኮቶቹም በዚያ ዘመን መስታወት አልነበራቸውም፤ ቋሚ የእንጨት ዘንጎችና መዝጊያ ብቻ ነበሯቸው። እንዲህ ያሉ ቤቶችን የሚመረምሩ ባለሙያዎች መጀመሪያ ወደ ጣሪያው የሚወጡት ለዚህ ነው። ወጋግራው ላይ የቆየ ጥቀርሻ ካገኙ፣ ከታች ክፍት ምድጃ እንደነበር ያረጋግጣሉ። ጥቀርሻ እንደ ሰነድ ይነበባል።

አጽሙ የኦክ እንጨት ነው። የዚያ ዘመን አናጢዎች ኦክን የሚጠርቡት ሳይደርቅ፣ እርጥብ ሳለ ነበር፤ የደረቀ ኦክ መሣሪያ ይሰብራል። አንዱን እንጨት ይቦረቡራሉ፣ የሌላውን ጫፍ ይቀርጻሉ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ ያስገባሉ፣ ከዚያ በእንጨት ችካል ያጣብቁታል። የብረት ሚስማር አያስፈልገውም። እንጨቱ ከተተከለ በኋላ እየደረቀ ሲሄድ ይጎብጣል፣ ይጠማዘዛል፤ መጋጠሚያዎቹ ግን ይበልጥ ይጠብቃሉ። ዛሬ ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳው የተንጋደደ ግድግዳ የእርጅና ምልክት ብቻ አይደለም። ገና ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት የጀመረ የእንጨቱ ጠባይ ነው።

በምሰሶዎቹ መሐል ያለው ግድግዳ በማገርና በምርጊት የተሠራ ነው። እንጨት ይዋቀራል፣ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ይመረግበታል፣ በኖራ ይለሰናል። ጭቃ ቤት ውስጥ ላደገ አንባቢ ይህን ማብራራት አያሻም። የአዳራሹ ወለል ደግሞ የአካባቢው ልዩ ጥበብ አለበት። በዙሪያው ካሉት ኮረብቶች የሚወጣው ነጭ የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ይደለደላል፣ ከዚያ በኮመጠጠ ወተት ይታሸጋል። ወተቱ ሲደርቅ ዱቄቱን አጣብቆ ይይዘዋል። ለዚህ ቤት የተሠራበት ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ከቅርብ የተገኘ ነው፤ ደኑ፣ መስኩ፣ ኮረብታው፣ ላሟ።

እንዲህ ያለ ቤት ጠላቱ ዕድሜ አይደለም፤ ውኃ ነው። ከላይ ክዳኑ፣ ከታች መሠረቱ ደረቅ ከሆነ ኦክ ለመቶዎች ዓመታት ይቆማል። ክዳኑ አንድ ቦታ ከተቀደደና ማንም ካልጠገነው ግን ውኃው ወደ መጋጠሚያው ይገባል፣ መጋጠሚያው ይበሰብሳል፣ ምሰሶው ይለቃል። የሣር ክዳን በየጥቂት አስርት ዓመታት መታደስ አለበት። ስለዚህ አንድ የሣር ክዳን ቤት አምስት መቶ ዓመት ቆሞ ከተገኘ፣ በእያንዳንዱ ትውልድ ቢያንስ አንድ ሰው ገንዘብ አውጥቶ ጣሪያውን ሸፍኗል ማለት ነው። የአብዛኛዎቹ ስም አይታወቅም።

ስሙ “የካህናት ቤት” ይሁን እንጂ መጀመሪያ የተሠራው ለአንድ ባለጸጋ ገበሬ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። የዊልደን ቤቶች በአብዛኛው የእንዲህ ዓይነት ገበሬዎች መኖሪያ ናቸውና ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ከ1348 ጀምሮ የገባው ታላቁ ወረርሽኝ የእንግሊዝን ሕዝብ ክፉኛ ከቀነሰ በኋላ፣ በሕይወት የተረፈው ሠራተኛ ዋጋው ጨመረ፣ መሬት በቀላሉ ተገኘ። ያን ዘመን ተከትለው በኬንትና በሱሴክስ የተነሱት ገበሬዎች መኳንንት ሳይሆኑ የመኳንንትን አዳራሽ በትንሹ ሠሩ። የደብሩ ካህንም የኖረው በዚያው ዓይነት ቤት ነው። ይህ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ ካህኑ ከምእመናኑ መሐል ካሉት ደህና ገበሬዎች የተለየ ኑሮ አልነበረውም።

ልዩነቱ የመጣው ኋላ ነው። ከተሐድሶው በኋላ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የእንግሊዝ ካህናት ማግባት ተፈቀደላቸው። ሚስትና ልጆች ያሉት ካህን ተጨማሪ ክፍል ይፈልጋል። በዚያው ዘመን ጭስ ማውጫ ተስፋፋ፤ እሳቱ ከአዳራሹ መሐል ወደ ግድግዳ ሄደ፣ ከጭሱ የተረፈው ቦታም ለፎቅ ተመቸ። በመላ አገሪቱ ክፍት አዳራሾች ለሁለት ተከፈሉ። ቀጥሎ በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የካህኑ ማኅበራዊ ደረጃ ከፍ አለ። በ1776 የወጣ ሕግ ካህናት በደብራቸው ገቢ ዋስትና ተበድረው ቤት እንዲያሠሩና እንዲያሳድሱ ፈቀደ። ብዙ ደብሮች ሰፋፊ የጡብ ቤቶች ሠሩ። ካህኑ ጨዋ ሰው ሆነ፤ ጨዋ ሰው ደግሞ የጭቃ ግድግዳ ውስጥ አይኖርም።

አልፍሪስተን ውስጥም አሮጌው ቤት ለካህን የማይመጥን ሆኖ ለተከራዮች ተተወ። ድሆች ኖሩበት። ኪራዩ ትንሽ ነበር፤ ጥገናውም እንደ ኪራዩ። በ1870ዎቹ መጨረሻ ቤተ ክርስቲያን ለማፍረስ ፈቃድ አገኘች። እዚህ ላይ ፍርድ ከመስጠት በፊት ምክንያቱን ማየት ይገባል፤ ምክንያቱ ሞኝነት አልነበረም። ቤቱ እየፈረሰ ነበር። ገቢ አያስገባም። ማሳደስ ገንዘብ ይጠይቃል። ለካህን አይሆንም። ዛሬም ለማፍረስ የሚቀርቡ ሰነዶች የሚዘረዝሩት እነዚህኑ አራት ነገሮች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አራቱም እውነት ናቸው።

ቤቱ ወዲያው ያልፈረሰው በአንዲት አሮጊት ምክንያት ነው ይባላል። ውስጡ የሚኖሩት እኚህ ተከራይ እስኪሞቱ ድረስ እንዲተውላቸው ለመኑ፣ ተፈቀደላቸው። እሳቸው የቅርስ ጉዳይ አላሳሰባቸውም፤ የሚሞቱበት ጣሪያ ነበር የፈለጉት። ግን ያቺ ልመና ለቤቱ ጊዜ ገዛችለት። ከዚያ በኋላ ቄስ ቤይነን የሚባሉ አዲስ የደብሩ አለቃ መጡ፤ ቤቱ መዳን አለበት ብለው ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ።

ለማን ነበር የሚጻፈው? ይህ የዋዛ ጥያቄ አይደለም። በ1882 የወጣው የእንግሊዝ የጥንታዊ ሐውልቶች ጥበቃ ሕግ በዋናነት የሚመለከተው ቅድመ ታሪካዊ ቅርሶችን ነበር፤ እንደ ስቶንሄንጅ ያሉ የድንጋይ ክበቦችና ጥንታዊ መቃብሮች። ሰው የሚኖርበትን ቤት የሚያስጠብቅ ሕግ አልነበረም። ቤት የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ቢፈልግ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ቤቱን ማዳን የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ባለቤቱን በመለወጥ።

ቤይነን የደረሱት ዊልያም ሞሪስ በ1877 ካቋቋመው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር ነበር። ይህ ማኅበር አንድ ጠንካራ አቋም ነበረው። በዚያ ዘመን አርክቴክቶች የቆዩ አብያተ ክርስቲያናትን “እናድሳለን” እያሉ የኋለኞቹን ዘመናት ሥራ ነቅለው፣ መጀመሪያ እንዲህ ነበር ብለው የገመቱትን ይተክሉ ነበር። ሞሪስና ጓደኞቹ ይህን ከማፍረስ አልለዩትም። ሕንፃ ሲያረጅ የሚያስፈልገው ጥገና ነው አሉ፤ ቀዳዳውን መድፈን፣ የተሰነጠቀውን መደገፍ፣ አዲሱን አዲስ አስመስሎ መተው። የሞተን ዘመን አስመስሎ መፍጠር ውሸት ነው አሉ።

ማኅበሩ ምክር እንጂ ንብረት የመያዝ ሥራ አልነበረውም። ያን ክፍተት የሞላው በ1895 የተመሠረተው ናሽናል ትረስት ነው። መሥራቾቹ ሦስት ናቸው፤ ሕግ አዋቂው ሮበርት ሀንተር፣ ካህኑ ሃርድዊክ ሮንስሊና ኦክታቪያ ሂል። ኦክታቪያ ሂል እዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገኘው በአጋጣሚ አይደለም። ከ1860ዎቹ ጀምሮ የለንደን ድሆች የሚኖሩባቸውን የተጎሳቆሉ ቤቶች ይዛ፣ አስጠግና፣ ኪራዩን ራሷ እየተቆጣጠረች ታስተዳድር ነበር። የሚያፈስ ጣሪያ ምን ማለት እንደሆነ ከመጽሐፍ አልተማረችም። ስለ አልፍሪስተን ቤት ገንዘብ ለማሰባሰብ የተነሳችው ይህች ሴት ናት። ቤተ ክርስቲያን ቤቱን በ10 ፓውንድ ለቀቀችው። 10 ፓውንድ የስም ዋጋ ነበር፤ ጥገናው የጠየቀው ገንዘብ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሥራውን የመራው የሞሪስ ማኅበር አስተሳሰብ የነበረው አርክቴክት አልፍሬድ ፓወል ነው። አዳራሹ ክፍት ሆኖ እስከ ጣሪያው ይታያል፤ ኋላ የተሠራው የጡብ ጭስ ማውጫ ግን አልተነቀለም። ቤቱ የ14ኛውን ክፍለ ዘመን ብቻ ሳይሆን የተከተሉትንም ዘመናት ይዞ ቀረ።

በአዳራሹ ካሉት እንጨቶች በአንዱ ላይ የኦክ ቅጠል ተቀርጾ ይገኛል። የናሽናል ትረስት ዓርማ የሆነው የኦክ ቅጠል ከዚህ ሳይወሰድ አይቀርም የሚሉ አሉ። ይሁን አይሁን፣ ለማኅበሩ ከዓርማው ይልቅ ወሳኙ በ1907 ፓርላማ ያወጣለት ሕግ ነው። ሕጉ ማኅበሩ አንዳንድ ይዞታዎቹን “የማይሸጡ የማይለወጡ” ብሎ እንዲያውጅ ሥልጣን ሰጠው። ከሌሎቹ ቤቶች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ባለቤት ይሞታል፣ ደግ ካህን ይዛወራል፣ ከንቲባ ይሻራል። ያለ ሕግ የዳነ ቤት የዳነው እስከሚቀጥለው ባለቤት ድረስ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ በቅንነት መነሳት ያለበት ተቃውሞ አለ። ቤቱ ዳነ፤ የቤትነቱ ነገርስ? የገበሬ፣ የካህን፣ የድሃ ተከራይ መኖሪያ የነበረው ዛሬ ሰው እየዞረ የሚያየው ቦታ ነው። ምድጃው አይነድበትም። በዚያ አዳራሽ የኖሩት ድሆች ኑሮ ከወጋግራው ያነሰ ነው የሚተረከው። ቅርስ ጥበቃ ብዙ ጊዜ ግድግዳውን አስቀርቶ ሰውን ያስወጣል የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው።

ነገር ግን ሌላውን መንገድ ማየትም ይገባል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጥገና ወጪ ሲከብዳት በሺዎች የሚቆጠሩ የቆዩ የካህናት ቤቶችን ሸጠች። ካህናቱ ወደ አነስተኛ ዘመናዊ ቤቶች ሄዱ። አሮጌዎቹ ቤቶች በገጠር ከሚፈለጉት ውድ መኖሪያዎች መሐል ገቡ፤ በበራቸው ላይ “የቀድሞው የካህን ቤት” የሚል ጽሑፍ የሀብት ምልክት ሆነ። እነዚያ ቤቶች አልፈረሱም፣ ሰው ይኖርባቸዋል፣ ብዙዎቹ በደንብ ተይዘዋል። ግን የደብሩ ሰው ችግር ሲገጥመው ሊያንኳኳ የሚችለው በር አይደሉም። ገበያው ግድግዳውን አዳነ፣ ቤቱ ለመንደሩ የነበረውን ትርጉም ግን አላዳነም። እንዲህ ሲታይ፣ ማንም ገብቶ ሊያየው የሚችለው የአልፍሪስተን ቤት የተሻለ ዕጣ ደረሰው ማለት ይቻላል። ሙሉ መልስ አይደለም፤ ከቀረቡት አማራጮች መሐል ግን የሕዝብ ሆኖ የቀረው እሱ ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት “አሮጌ ነገር ሁሉ ይቆይ” የሚል አይደለም። አልፍሪስተን ላይ የሆነው ከዚያ ይጠባል፤ ይበልጥም ተግባራዊ ነው። ማፍረስ በምክንያት ቀረበ፤ ማቆየትም በምክንያት ቀረበ። ጊዜ ተሰጠ። ንብረቱን የሚረከብ አካል ተገኘ። ጥገናውን የሚያውቅ ባለሙያ ተመረጠ። ኋላም ውሳኔው በቀላሉ እንዳይገለበጥ ሕግ ወጣለት። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ቤቱ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ወይም የጓሮ አትክልት ይሆን ነበር፤ ማንም አያስታውሰውም ነበር።

ከሁሉም ደግሞ ጊዜው ይበልጣል። ቤቱን ለማፍረስ ፈቃድ በተገኘበትና በተሸጠበት መሐል ከ15 ዓመት በላይ አለፈ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰው የሚኖርበትን ቤት የሚያስጠብቅ ሕግ አልወጣም፣ ቤቱ ይበልጥ ተጎዳ እንጂ አልተሻለውም። የተለወጠው ሰዎች ለማሰብ፣ ለመከራከርና ለመደራጀት ዕድል ማግኘታቸው ነው። ማለዳ ተወስኖ ማታ የሚፈርስ ቤት ይህን ዕድል አያገኝም፤ ጥፋት የነበረ እንደሆነም ከፈረሰ በኋላ የሚያርመው የለም።

የአልፍሪስተን የካህናት ቤት ዛሬም ጣሪያው ገለባ ነው። ገለባው ያረጃል፤ በየጥቂት አስርት ዓመታቱም አንድ ሰው ተቀምጦ “እንደገና እንክደነው ወይስ ይብቃው?” ብሎ መወሰን አለበት። 10 ፓውንዱ የተከፈለው አንድ ጊዜ ነው። ለክዳኑ ግን እስከ ዛሬ ይከፈላል።